ሞተር በሚኒሞ ሲጠፋ ምክንያቱን እንዴት እናገኛለን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመኪና ጥገና ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)






 የምንናገርበትን ርእስ ለመምረጥ በተሰበሰብን ጊዜ አንዳንዶቻችን ስለ መኪና ታሪክ፥ አንዳንዶቻችንም ስለ አዳዲስ ፈጠራዎች እንዲሆን አሳብ አቅርበን ነበር። በመጨረሻ ግን ሁላችንንም ያስማማን ከወላጆችና ከመምህራን ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣልን አንድ ጥያቄ ሆነ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ «መኪናዬ በመንገድ ላይ ደኅና ትሄዳለች፤ ነገር ግን መብራት ይዞኝ ስቆም ሞተሩ ይጠፋል። ምን ሆና ነው?»

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሆኖም በቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶበት፥ ከኋላው የጡሩምባ ጩኸት እየሰማ ቍልፍ ሲያዞር የቆየ ሰው ቀላል አለመሆኑን ያውቃል። በዳገት ላይ ሞተሯ የጠፋ መኪና ወደ ኋላ ልትንሸራተት ትችላለች። የፍሬን ማጠናከሪያቸው በሞተሩ ኀይል በሚሠራ መኪናዎችም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ ፍሬኑ ይደነድናል። ከዚህም በቀር የገንዘብ ጉዳት አለ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ዛሬ ካንዴላ፥ ነገ ባትሪ፥ ከነገ ወዲያ የቤንዚን ፓምፕ እየተባለ ብዙ ብር ያለ ጥቅም ይወጣል። አባቶቻችን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የንግግራችን አሳብ ባጭሩ ሲጠቀለል፥ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት አለመስጠት፥ በሽታውንም ለማወቅ በተራ መጠየቅ ነው።

ሚኒሞ ምንድን ነው?

በአገራችን ጋራዦች ከሚነገሩት የመኪና ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ሚኒሞም ትንሹ፥ ዝቅተኛው ማለት ነው። ቃሉም ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል። ሚኒሞ የሚባለው ሾፌሩ እግሩን ከቤንዚን መርገጫው ባነሣ ጊዜ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ሁላችሁም የምታውቋትን ቮልስዋገን እንውሰድ። ይህች ጥንዚዛ የምትመስል መኪና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. መሠራት ጀምራ፥ በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር የመጨረሻዋ እስከ ወጣች ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በአዲስ አበባም ዛሬ ድረስ በመንገድ ላይ ትታያለች። እኛም ለትምህርት የመረጥናት ሞተሯ ያልተወሳሰበ ስለ ሆነና ብዙው ክፍል በዓይን ስለሚታይ ነው።

የዚህች መኪና ሞተር በሚኒሞ ጊዜ በደቂቃ 850 ዙር ያህል ይዞራል። ሞተሩ ባለ አራት ምት ስለ ሆነ እያንዳንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ያቃጥላል። ስለዚህ አንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 425 ጊዜ፥ በሴኮንድ ሲቈጠር 7 ጊዜ ያህል ይሠራል ማለት ነው። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ኀይል ግን ሞተሩ ራሱን ለማዞር ከሚበቃው ብዙም አያልፍም። የዕለት ጕርሱን ብቻ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ቢጐድልበት ወዲያው እንደሚራብ ሁሉ፥ በሚኒሞ ያለ ሞተርም ጥቂት ነገር ቢጐድልበት ወዲያው ይጠፋል። በመንገድ ላይ ሲሆን ግን ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ቢሰንፍ ሦስቱ ይጐትቱታል፤ የመኪናው ጕዞ ራሱም ሞተሩን እየገፋ ያዞረዋል። በጕዞ ጊዜ ተሸሽጎ የነበረው ትንሽ ጕድለት በሚኒሞ ጊዜ የሚገለጠው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። በካርቡሬተሩ አንገት ውስጥ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የምትከፈትና የምትዘጋ ክብ መዝጊያ አለች። ሾፌሩ ቤንዚን ሲረግጥ መዝጊያዋ ትከፈትና ብዙ አየር ይገባል፤ ቤንዚኑም በዋናው መንገድ ይመጣል። እግሩን ሲያነሣ ግን መዝጊያዋ ልትገጥም ጥቂት ይቀራታል። ያን ጊዜ ቤንዚኑ የሚመጣው በሌላ ቀጭን መንገድ ነው። በብዙዎቹ የቮልስዋገን ካርቡሬተሮች ውስጥ ያለችው የሚኒሞ ቤንዚን መለኪያ ቀዳዳ ስፋቷ 55 መቶኛ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ልትዘጋት ትችላለች። ስለዚህ «በመንገድ ላይ ደኅና ትሄዳለች፥ ስትቆም ግን ትጠፋለች» የሚለው ነገር እርስ በርሱ የሚቃረን አይደለም፤ መንገዱ ሁለት በመሆኑ ነው።

ከመፍቻ በፊት ጥያቄ

ጥሩ ሐኪም በሽተኛውን ከመዳሰሱ በፊት እንደሚጠይቀው ሁሉ፥ እኛም መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ባለ መኪናውን አራት ነገር እንጠይቃለን።

፩ኛ፤ መቼ ይጠፋል? ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? በብርድ ጊዜ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ለብርድ ጊዜ ቤንዚን የሚያበዛው የአየር መዝጊያ በትክክል አለመሥራቱን እንጠረጥራለን። ከሞቀ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን ፍለጋው ወደ ሌላ ይዞራል።

፪ኛ፤ እንዴት ይጠፋል? እንደ መብራት በድንገት ድርግም የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። እየተንቀጠቀጠ፥ ጥቁር ጢስ እያወጣና ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶበታል። ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ እንደ መተንፈስ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ያልተፈቀደ አየር በአንድ ቦታ እየገባ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

፫ኛ፤ ምን ሲያደርጉ ይጠፋል? ፍሬን ሲረግጡ ብቻ ነው? መብራት ሲያበሩ ነው? ወይስ ምንም ሳይነኩ? ፍሬን በተረገጠ ቍጥር የሞተሩ ድምፅ የሚለወጥ ከሆነ ከሞተሩ ወደ ፍሬን ማጠናከሪያው የሚሄደው ጎማ ቧንቧ ተቀዶ ሊሆን ይችላል።

፬ኛ፤ ይህ ከመጀመሩ በፊት ምን ተሠራ? ቤንዚን ከየት ተቀዳ? ምን ተፈታ? ምን ተለወጠ? ከዚህ ጥያቄ ብቻ መልሱ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የምርመራው ተራ

ከጥያቄው በኋላ ምርመራው ይጀምራል። ክበባችን የሚከተለው ደንብ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምሮ ወደሚያስወጣው መሄድ ነው። ሁለተኛው፥ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንካት ነው። ሦስት ነገር ባንድነት የለወጠ ሰው መኪናዋ ብትድን እንኳ የትኛው እንዳዳናት አያውቅም፤ ነገ ብትታመም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

መጀመሪያ በዓይን ማየት ነው። የወለቀ ሽቦ፥ የተሰነጠቀ ጎማ ቧንቧ፥ በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ፥ የላላ ዳዶ ያለ ምንም መሣሪያ ይገኛሉ።

ከዚያ ወደ ብልጭታው እንሄዳለን። ካንዴላውን ፈቶ ጫፉን ማየት ደብዳቤ እንደ ማንበብ ነው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደኅና ነው፤ ደረቅ ጥቀርሻ ካለበት ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል ወይም አየር በዝቷል፤ እርጥብ ዘይት ካለበት ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። በቮልስዋገን የካንዴላው ክፍተት ከ6 እስከ 7 ዐሥረኛ ሚሊሜትር፥ የፑንቲናው ክፍተት ደግሞ 4 ዐሥረኛ ሚሊሜትር ያህል መሆን ይገባዋል። ፑንቲናው ከተቃጠለ ወይም ክፍተቱ ከጠበበ ብልጭታው ይደክማል፤ ድካሙም መጀመሪያ የሚታወቀው በሚኒሞ ነው።

ሦስተኛው ቤንዚኑ ነው። በኋለኞቹ ቮልስዋገኖች ካርቡሬተር ላይ በኤሌክትሪክ የምትከፈት አንዲት ትንሽ መዝጊያ አለች። ቍልፉ ሲጠፋ የሚኒሞውን ቤንዚን ትዘጋለች፤ ቍልፉ ሲበራ ትከፍታለች። ሽቦዋ ከወለቀ ወይም እርሷ ከተቃጠለች ሞተሩ በሚኒሞ አይቆምም፤ በመንገድ ላይ ግን ደኅና ይሄዳል። መመርመሪያውም ቀላል ነው። ሞተሩን ሳያስነሡ ቍልፉን አብርቶ የመዝጊያዋን ሽቦ ማላቀቅና መልሶ ማስነካት ነው። በነካ ቍጥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ መዝጊያዋ ትሠራለች። ከዚያም የሚኒሞዋን ቀዳዳ ፈቶ በንጹሕ አየር መንፋት ነው። በሽቦ መጐርጐር ግን ክልክል ነው፤ ልኩ የሚቈጠረው በመቶኛ ሚሊሜትር ስለ ሆነ ሽቦው ቀዳዳዋን ያሰፋታል።

አራተኛው አየር ነው። የአየር ማጣሪያው ተነሥቶ ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ የካርቡሬተሩን አፍ በወፍራም ካርቶን በከፊል መሸፈን ብዙ ነገር ያስተምራል። አየሩ ሲቀንስ ሞተሩ ድምፁን ካሻሻለ፥ ቀድሞ አየር በዝቶበት ወይም ቤንዚን አንሶት ነበር ማለት ነው። ይበልጥ ታፍኖ ሊጠፋ ካለ ደግሞ ቀድሞውንም ቤንዚን በዝቶበት ነበር። ገንዘብ የማያስወጣ፥ ነገር ግን ፍለጋውን በግማሽ የሚያሳጥር ምርመራ ይህ ነው።

አምስተኛው የሲሊንደሩ እመቃ ነው። ቫልቮላዎቹ በደንብ የማይገጥሙ ከሆነ ድብልቁ ከመቃጠሉ በፊት ያመልጣል። በኋለኞቹ የቮልስዋገን ሞተሮች የቫልቮላው ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ልኩም 15 መቶኛ ሚሊሜትር ነው።

የሚኒሞውን ብሎን መንካት የሚገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ከፍታ አንድ ቃል እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተሠራች አየሯ ከባሕር ዳር አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለወፍራም አየር የተለካውን ቤንዚን ለማቀበል ይሞክራል። ስለዚህ ለቈላ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር በደጋ ቤንዚን ያበዛል። እንዲሁም በአዲስ አበባ የተስተካከለች መኪና ከፍታዋ ከዚህ እኩሌታ ወደሚሆነው ወደ ድሬዳዋ ብትወርድ ሚኒሞዋ ተለውጦ ይገኛል። ይህ በሽታ ሳይሆን የቦታ ለውጥ ነው።

አንድ ምሳሌ

የተናገርነው ሁሉ በሥራ እንዴት እንደሚውል ለማሳየት ክበባችን የመረመራትን አንዲት መኪና እናንሣ። አንድ መምህራችን በመቆሚያ ቦታ ሁሉ የምትጠፋባቸውን ቮልስዋገን አመጡልን። ከዚያ በፊት ካንዴላዎቿ፥ ቦቢናዋና የቤንዚን ፓምፗ ተለውጠው ነበር፤ ነገር ግን ምንም ለውጥ አልተገኘም። በጠየቅናቸው ጊዜ፥ «ጧት ስትነሣ ደኅና ናት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከሄድሁ በኋላ ግን በቆምሁ ቍጥር ትጠፋለች» አሉን።

ከዚህ መልስ ብቻ ብዙ ነገር መረዳት ተቻለ። በመንገድ ላይ ደኅና ከሄደች ፓምፑና ዋናው የቤንዚን መንገድ ጤነኛ ናቸው። ጧት ወዲያው ከተነሣች ባትሪዋ ጤነኛ ነው። ቀዝቅዛ ሳለች የምትሠራውና ሞቃ የምትጠፋው ለምንድን ነው? በብርድ ጊዜ የአየር መዝጊያው ቤንዚን ያበዛል፤ ሲሞቅ ግን ራሱን ይከፍታል። ስለዚህ ያ ተጨማሪ ቤንዚን ሸፍኖት የነበረ ጕድለት አለ ማለት ነው። ጕድለቱም ወይ የሚኒሞ ቤንዚን ማነስ፥ ወይ የአየር መብዛት ነው። ተጠርጣሪው ሁለት ብቻ ቀረ።

የኤሌክትሪኳን መዝጊያ ሞከርናት፤ «ቀጭ» አለች። የሚኒሞዋን ቀዳዳ ፈታን፤ ንጹሕ ነበረች። የካርቡሬተሩን አፍ በካርቶን በከፊል ስንሸፍን ግን ሊጠፋ ይንገዳገድ የነበረው ሞተር ድምፁ ተቃና። አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ከዚያም አንድ ጓደኛችን በትንሽ ብሩሽ የሞተር ዘይት እየነከረ መጋጠሚያዎቹን በየተራ ቀባ። የካርቡሬተሩን እግር በቀባ ጊዜ ሞተሩ ለጥቂት ሴኮንድ ጸጥ ብሎ ዞረ፤ ዘይቱ ስንጥቁን ለጊዜው ደፍኖት ነበርና። ካርቡሬተሩን ከሚይዙት ሁለት ዳዶዎች አንዱ በመንቀጥቀጥ ብዛት ላልቶ በጣት የሚዞር ሆኖ ተገኘ፤ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮንም በዚያ በኩል ተቀዶ ነበር።

ጓርኒሲዮኑን ለውጠን ዳዶዎቹን በእኩል አጠበቅን። በመጨረሻም የሚኒሞው ብሎን ከልኩ በላይ ገብቶ ስለ ነበር ወደ 850 ዙር መለስነው። መኪናዋም ሞቃ ቆማ ሳለች አልጠፋችም። የወጣው ገንዘብ የአንዲት ጓርኒሲዮን ዋጋ ብቻ ነበር። መምህራችንም፥ «ለካ ይህን ያህል ጊዜ ስከፍል የኖርሁት ለግምት ነው!» ብለው ሣቁ።

ብሎኑን ስለ ማጥበቅ

ወላጆች ሆይ፥ ይህን ነገር በተለይ ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። ሞተር በሚኒሞ ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚያደርገው የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ነው። ሞተሩም ለጊዜው አይጠፋም። ነገር ግን በሽታው አልዳነም፤ ተሸሸገ እንጂ። ያልተፈቀደው አየር እየገባ ይቀጥላል፤ በአየር ብዛት የሳሳው ድብልቅ ሞተሩን ያለ ልክ ያሞቃል፤ ቤንዚን በከንቱ ይባክናል፤ ማርሽ ሲገባም ይጮኻል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

ስለ ዛሬዎቹ መኪናዎች

በዛሬዎቹ የቤንዚን መኪናዎች፥ ለምሳሌ በቶዮታ ኮሮላ ውስጥ፥ ካርቡሬተር የለም። ቤንዚኑ ተመጥኖ ይረጫል፤ መጠኑንም የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። ሆኖም ሞተሩ የሚፈልገው ያው አየር፥ ቤንዚን፥ ብልጭታና እመቃ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ሚኒሞ እንዲጠፋ ከሚያደርጉት ዋና ዋናዎቹ በአየር መግቢያው መዝጊያ ዙሪያ የሚጋገር ጥቀርሻ፥ የሚኒሞውን አየር የምትመጥነው ክፍል መቆሸሽ፥ የጎማ ቧንቧ መቀደድና የአየር መለኪያው መቆሸሽ ናቸው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1996 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ አገር የሚሸጡ መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ መሰኪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። መሣሪያው ሲሰካ ኮምፒዩተሩ የጕድለቱን ቍጥር ይናገራል። ለምሳሌ ፒ0171 የሚለው ቍጥር ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ነገር ግን በምን ምክንያት እንዳነሰው አይናገርም፤ የተቀደደ ቧንቧ፥ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ቍጥሩን አይቶ ወዲያው ዕቃ የሚገዛ ሰው ያለ መሣሪያ ከሚገምተው ሰው አይሻልም። ቍጥሩ የጥያቄ መጀመሪያ እንጂ መልስ አይደለም።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነግሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲቆም ሞተሩ ስለማይዞር ሚኒሞ የሚባል ነገር የለውም። አንዳንድ ጓደኞቻችንም፥ «እንግዲህ ይህን መማር ምን ይጠቅማል?» ይሉናል። መልሳችን ሁለት ነው። አስቀድሞ የገቡት የቤንዚን መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ደግሞም የተማርነው የአንድን ብሎን ቦታ ብቻ አይደለም። ከምልክቱ ተነሥቶ፥ ተጠርጣሪዎቹን ቈጥሮ፥ አንድ በአንድ እየመረመሩ ማስቀረት በኤሌክትሪክ መኪናም፥ በውሃ ፓምፕም፥ በሰው ሕክምናም የሚሠራ ነው።

ስለ ጥንቃቄ

በቤታችሁ ለመሞከር ለምታስቡ ጓደኞቻችን ጥቂት ማስጠንቀቂያ እንስጥ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ማርሹ ነጻ ይሁን። ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሣ፤ ከጢሱ ጋራ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ቤንዚን ባለበት ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይቅረብ። ነጠላ፥ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ በሚዞር ቀበቶና ማራገቢያ አጠገብ አይጠጋ። ሞተሩ ሲዞር የካንዴላ ሽቦ በባዶ እጅ አይያዝ።

ክቡራንና ክቡራት፤

ትምህርት ቤታችን ባለፉት ዓመታት ብዙ ተማሪዎችን አስተምሮ አውጥቷል። ሁሉም መካኒክ አልሆኑም፤ እኛም ሁላችን መካኒክ አንሆንም። ዳሩ ግን ከመካከላችን ሐኪም የሚሆነው፥ መምህር የሚሆነው፥ ዳኛም የሚሆነው «ይህ ነው ምክንያቱ» ከማለቱ በፊት መጠየቅና መመርመር ግዴታው ነው። ለምክር ወደ ክበባችን የምትመጡ ወላጆችም መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ ገንዘብ ወይም ዕቃ ሳይሆን ጥያቄ መሆኑን አውቃችሁ፥ መቼና እንዴት እንደምትጠፋ በትዕግሥት እንድትነግሩን በትሕትና እናሳስባለን።